ከሃያ ዓመት በኋላ ዶቦክ ለብሰን፦ የሐዋሳ የጉዞ ማስታወሻ

በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የማንንም ስም አልጻፍኩም። አዳራሹ ውስጥ የወጣልን ቅጽል ስም ይበቃል፤ እስከ ዛሬም የምንጠራራው በሱ ነው። ሸምበቆ በቁመቱ፣ ጉልቤ በክንዱ፣ ድምቢጥ በፍጥነቷ፣ ቄሱ በእርጋታው። እኔ የወር መዋጮ መዝገብ ስለምይዝ ጸሐፊው ተብዬ ቀረሁ።

አምስታችንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮልፌ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቴኳንዶ አብረን የሠራን ነን። ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። ዶቦክ የምንለውን ነጭ ልብስ ከመርካቶ አቡጀዲ ገዝተን ሰፈር ልብስ ሰፊ ጋ እናሰፋለን። የመምቻ ፓዱ ከመኪና ወንበር ስፖንጅ የተሠራ ነው። ጥቁር ቀበቶ ያሰርነው አብረን ነው፤ ከዚያ ሕይወት በየፊናችን በተነችን። ሸምበቆ አሜሪካ ቨርጂኒያ ገባ። ጉልቤ አዳማ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ቄሱ ደብረ ብርሃን ያስተምራል። ድምቢጥ ነርስ ሆና ሐዋሳ አግብታ ወለደች። አዲስ አበባ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ድምቢጥ ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት ላከች። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ክለብ ከ35 ዓመት በላይ ለሆኑ ነባር ሰልጣኞች ውድድር ያዘጋጃል፤ የቡድን ፓተርንም (ያለ ተጋጣሚ በቅደም ተከተል የሚሠራ የምትና የመከላከያ ትርኢት) አለው፣ ወንድና ሴት ቀላቅሎ መግባት ይቻላል ይላል። ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ "የቡድን ፓተርን አምስት ሰው ነው የሚፈልገው። እኛ ስንት ነን?"

ከዚያ በኋላ ማንም እምቢ ለማለት አፍ አልነበረውም። ሸምበቆ ለገናና ለጥምቀት ሊመጣ ቲኬት ቆርጦ ስለነበር የመመለሻውን ቀን አራዘመ።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር የትኛውን ፓተርን እንሥራ የሚለው ነው። ጉልቤ ቹንግ-ሙን ፈለገ። 30 እንቅስቃሴ ነው፤ የተሰየመው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው የኮሪያ የባሕር ኃይል አዛዥ በዪ ሱን-ሲን ነው። ያምራል፣ ግን ውስጡ በአየር ላይ የሚመታ የጎን ምት አለ፣ ዘሎ ሙሉ ዙር መሽከርከርም አለ። ሁላችንም አርባን አልፈናል። ድምቢጥ የነርስነቷን ተናገረች፦ "ጉልበታችሁን እኔ አላክምም።" ስለዚህ ቶይ-ጌ ተመረጠ። ቶይ-ጌ የዚያው ዘመን ሊቅ የዪ ሁዋንግ የብዕር ስም ነው፤ የፓተርኑ እንቅስቃሴ 37 የሆነውም የትውልድ ቦታው 37ኛው ኬክሮስ ላይ ስለሆነ ነው። ዝላይ አንድ ብቻ ነው ያለው። ከሁሉም በላይ መሐሉ ላይ ስድስት ጊዜ መሬት እየረገጡ የሚሠራ መከላከያ አለ። አምስት ሰው እኩል ሲረግጠው አዳራሹ ይመልሳል። አንዱ ከዘገየ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ሐሙስ፣ ጥር 15፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ

ቄሱ ዋዜማውን ከደብረ ብርሃን መጥቶ እኔ ጋ አደረ። ሸምበቆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከእናቱ ቤት አነሳነው። እናቱ በር ላይ ቆመው አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎና አንድ ፌስታል ጭኮ ሰጡን። "ልጆቼ፣ አትጋጩ" አሉን። መኪና እንዳንጋጭ ይሁን ወይ ውድድሩን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ አሜን ብለን ሄድን።

ነዳጅ ማታውኑ ከረጅም ሰልፍ በኋላ ሞልቼ ስለነበር በቀጥታ ቱሉ ዲምቱ ገባን። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት ሸምበቆ አገር ውስጥ አልነበረም። ክፍያውን በቴሌብር ስፈጽም ገርሞት ስልኬን ተቀብሎ አየው። ቨርጂኒያም መንገዱ እንዲሁ ነው፣ ግን እዚያ በመንገዱ ዳር ጤፍ የሚያበራይ በሬ አታይም አለ፤ እውነትም ቢሾፍቱን እንዳለፍን ገና ጎህ ሲቀድ አንድ አውድማ ላይ በሬዎች እየዞሩ ነበር፣ ለደቂቃ ሁላችንም ዝም ብለን አየን።

ሞጆ መውጫው ላይ ጉልቤ ሁለት ካርቶን ውሃ፣ ጓንት፣ የእግር መከላከያና አንድ ትልቅ ሻንጣ ይዞ ይጠብቃል። ሸምበቆን ካየው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰላም አላሉም። ጉልቤ ሻንጣውን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጎንበስ አለ። ሸምበቆም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ነው የተቃቀፉት። ሞጆ ላይ እንቁላል ፍርፍርና ሻይ ለአራት 780 ብር ከፈልን። አዲስ አበባ እንዲህ ዓይነት ሳህን ከዚህ ብዙም አይረክስም ነበር፤ የሞጆው ድርሻ ግን እጥፍ ነው።

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። ድሮ በዚህ መስመር አይሱዙ ተከትለህ፣ ጋሪ አሳልፈህ፣ ከብት ጠብቀህ ነበር የምትሄደው። መቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን ተደርድሮ ከሩቅ ይታያል። ባቱ ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር፤ ብዙ ሰው እስካሁን ዝዋይ ነው የሚለው። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ በላን፤ አንዱ 350 ብር፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። ቄሱ ጾም ስላልነበረ ደስ አለው፣ ነገ ዓርብ መሆኑን ግን አስታወሰን።

አዳሚ ቱሉን አልፈን የኋላው ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታ ጎማው ደህና ነው፤ ክሪኩ ግን ዘይቱ ፈሶ አልነሳ አለ። ፀሐዩ በረታ። ጉልቤ መኪናውን በእጁ አነሳለሁ ብሎ ሞከረ፤ እኛም ተባበርን፣ አልሆነም። አንዱ የሚያልፍ የአይሱዙ ሹፌር ሊያቆምልን እስኪመጣ ድረስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም።

ቄሱ በዚያ መሐል ጃኬቱን አውልቆ "ቆመን ከምንጠብቅ እንሥራ" አለ። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ባለው አፈር ላይ ተሰለፍን፣ ድምቢጥ ስለሌለች የፊተኛውን ቦታ ባዶ ትተን ቶይ-ጌን ጀመርን። ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው ልጆች ከበቡን። ስድስቱ እርግጫ ላይ ስንደርስ አቧራው ተነሳ፤ ልጆቹም ከኋላችን ተሰልፈው መርገጥ ጀመሩ። አንዷ ትንሽ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እጇን ከኛ በተሻለ ቀጥ አድርጋ ነበር። ያ ሹፌር ደርሶ ከመኪናው ሲወርድ ያየው ይህንን ነው። ክሪኩን አውጥቶ ሰጠን፣ ጎማ እስክንቀይር ቆሞ ጠበቀን፣ ለሻይ ብንለው አልቀበልም አለ።

አርሲ ነገሌ ላይ ጎሚስታው ሚስማሩን አውጥቶ አሳየን። 200 ብር አስከፍሎ ለጠፈልን። ያኔ ከባቱ በኋላ አዲሱ መንገድ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በነባሩ አስፋልት ሄድን፣ በየቦታው ግንባታ ስለነበረ አቧራና ጠመዝማዛ ተለዋጭ መንገድ ነበረው። ሻሸመኔን ያለፍነው በጭንቅንቅ ነው።

ጥቁር ውሃን ተሻግረን ሐዋሳ ስንገባ ሊመሽ ነበር። ከተማው ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታውም ከአዲስ አበባ በጣም ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ወዲያው ይሰማል። ጃኬት ሁሉ ወለቀ።

ያስያዝነው ማረፊያ ቤት ስንደርስ ክፍላችን ለሰርገኛ ተሰጥቷል ተባልን። ጥር የሰርግ ወር ነው። ቀብድ ከፍለን ነበር፤ ብሩን መለሱልን እንጂ ክፍል አልነበረም። ተከራክረን ሲደክመን ለድምቢጥ ደወልን። "መጀመሪያውኑ ሆቴል ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?" ብላ ተቆጣች። ሳሎኗ ላይ አራት ፍራሽ ተነጠፈ። የባሏ እናት በሲዳምኛ "ዳኤ ቡሹ" ብለው ተቀበሉን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። እግራችንን እንድንታጠብ ሙቅ ውሃ አቀረቡልን። እኛም ልክ እንደ እናታችን እማማ አልናቸው።

ዓርብ፣ ጥር 16፦ ሐዋሳ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወረድን። ጀልባዎቹ አልተነሱም፣ ሣሩ ጤዛ አለው። አምስታችንም አንድ ላይ ስንቆም ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያችን ነው። ድምቢጥ ፊት፣ ጉልቤና እኔ መሐል፣ ሸምበቆና ቄሱ ከኋላ። እንደ ድሮው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተገጣጠመም። ሁላችንም እንቅስቃሴውን እናውቃለን፤ ሪትሙ ግን የየራሳችን ሆነ። ከሁላችን የተለየው ሸምበቆ ነው። ቨርጂኒያ የሚሠራበት ዶጃንግ (የመለማመጃ አዳራሽ) ሳይን ዌቭ የሚባለውን በጣም አጉልቶ ነው የሚያስተምረው፤ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ሰውነት ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። እኛ የተማርነው ከዚህ ጠጠር ያለ ነው። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። የአይቲኤፍ፣ የእኛ ቴኳንዶ የሚመራበት የዓለም አቀፉ ቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ መሥራቹ ጄኔራል ቾይ ሆንግ-ሂ በ2002 እንደ አውሮፓውያን ካረፉበት ሰሞን ጀምሮ ድርጅቱ በተለያየ አመራር ሥር ተከፋፍሏል፣ አሠራሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የእኛ ልዩነት ግን በትንሽ ሣር ላይ፣ በአምስት ጓደኛሞች መሐል ሲታይ ከባድ ነበር። ጉልቤ "አንተ የምትሠራው ዳንስ ነው" አለው። ሸምበቆ ፊቱ ተለወጠ። እሱ እዚያ በረዶ ላይ ከሥራ ወጥቶ ለብቻው እየነዳ ነው የሚሠለጥነው፤ የተማረውን እንደ ቀልድ ሲነኩበት ያመዋል።

ድምቢጥ ነች የፈታችው። "የኔን ትንፋሽ ስሙ፣ ሌላ ነገር አትስሙ" አለች። ፊት ስለቆመች ማንንም አታይም፤ ስለዚህ እሷ ወደኛ መምጣት አትችልም፣ እኛ ነን ወደሷ መሄድ ያለብን። ትንፋሿን ከፍ አድርጋ እያወጣች ሠራች። ሸምበቆ ከፍታውን ቀነሰ፣ እኛም ግትርነታችንን ቀነስን። ፀሐይ ወጥታ ሐይቁ ላይ ስታርፍ ስድስቱ እርግጫ እንደ አንድ ሰው ሆነ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆመው ሲያዩን ነበር፤ አንዱ "ድገሙት!" ብሎ ጮኸ።

ከዚያ አሞራ ገደል። ሐዋሳ ሄዶ አሞራ ገደል ያላየ ሐዋሳን አላየም። ጀልባዎቹ ዓሣውን ያወርዳሉ፣ ልጆቹ በሚያስገርም ፍጥነት ይበልቱታል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ደግሞ ሰው የሚያህል ቁመታቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ዓሣ ሾርባ በብርጭቆ 60 ብር ነበር፣ በሚጥሚጣ። ቄሱ በጾም ቀን ዓሣ አይበላም፣ በዳቦና በሻይ አለፈ፤ ማንም አላስቸገረውም።

ከሰዓት ምዝገባና ሚዛን ነበር። መመዝገቢያው ለአንድ ሰው 1,000 ብር። ሐኪሙ የጉልቤን ደም ግፊት ለካና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከፍ ብሏል፤ በዚህ አላስገባህም አለው። ጉልቤ ያን ቀን አምስት ቡና ጠጥቷል። ድምቢጥ ወደ ጥላ ወሰደችው፣ ጫማውን አስወለቀችው፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ አለችው። ያ ትልቅ ሰው ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቆይቶ እንደገና ሲለካ ወርዷል። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ እማማ ቡና በቀረበ ቁጥር የጉልቤን ስኒ ሳይቀዱ ያልፉት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 17፦ ውድድሩ

ብዙ ሰው ቴኳንዶ ሲባል የኦሎምፒኩን ነው የሚያውቀው፤ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ በ58 ኪሎ ሲወዳደር ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ያ የወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ነው። የእኛ አይቲኤፍ ነው። ደረት ላይ ኤሌክትሮኒክ ልብስ የለም፣ ፊትን በቡጢ መምታት ይፈቀዳል፣ ግን ምቱ የተመጠነ መሆን አለበት። አጥብቀህ ከመታህ ማስጠንቀቂያ ነው። ደርሶ የሚቆም ምት ነው የሚፈለገው፤ ይህን ለማድረግ ከመምታት የበለጠ ልምምድ ያስፈልጋል።

አዳራሹ ረፋድ ላይ ሞላ። ሕፃናት፣ ወላጆች፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዳማ፣ ከአርባ ምንጭ የመጡ ነባሮች። ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ዶቦክ ለብሰው ሲንጠራሩ ማየት ልቤን ነካው። መክፈቻው ላይ ሁሉም በአንድ ድምፅ አምስቱን መርሆች አለ፦ ትሕትና፣ ታማኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። ኮልፌ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በኖራ የተጻፈው ቅደም ተከተል ራሱ ነው።

የቡድን ፓተርን ቀድሞ ነበር። ስንጠራ ጉልቤ ጆሮዬ ላይ "ትንፋሿን ስማ" አለኝ። ቻርዮት (ቀጥ በሉ)፣ ኪዩንግኔ (እጅ ንሡ)፣ ከዚያ ዝምታ። ምንጣፉ ለስላሳ ነው፤ እርግጫው እንደ ሲሚንቶው አይጮህም ብዬ ፈርቼ ነበር። ጮኸ። አንደኛው ላይ ሕዝቡ ዝም ብሎ ነበር፣ ሦስተኛው ላይ የሆነ ሰው አጨበጨበ፣ ስድስተኛው ላይ ወላጆቹ ሁሉ አብረው ነበሩ። የአርባ ምንጭን ቡድን አሸነፍን። በግማሽ ፍጻሜ አስተናጋጆቹ ጋ ደረስን፤ እነሱ ቹንግ-ሙን ሠሩ፣ ዘለሉ፣ በትክክል አረፉ። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ለነሱ፣ ሁለቱ ለኛ ሰጡ። ተገቢ ነበር። ነሐስ አገኘን።

ድምቢጥ በሴቶች የግል ፓተርን ወርቅ ወሰደች። ሁለት ልጆቿ ከፊት ቆመው ስለነበር ከመድረኩ ስትወርድ ሜዳሊያው ከአንገቷ ወጥቶ አንደኛው አንገት ላይ ነበር።

ከሰዓት ስፓሪንግ፣ የአንድ ለአንድ ፍልሚያው፣ ጀመረ። ዕጣው ሲለጠፍ ቄሱ ነው መጀመሪያ ያየው፣ ተመልሶ መጥቶ ምንም አላለም፣ እጃችንን ይዞ ወሰደን። በመጀመሪያው ዙር ሸምበቆ ከጉልቤ።

እነዚህ ሁለቱ ለዓመታት የልምምድ ጓደኛሞች ነበሩ። ጉልቤ የሸምበቆን ግራ እግር ከማንም በላይ ያውቃል፤ ወደ ላይ ተነስቶ ተረከዙ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ያንን ምት። ኮልፌ እያለን ስንቱን አስተኝቶበታል። ስለዚህ ዙሩ ሲጀመር ጉልቤ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ የግራውን እግር መጠበቅ ጀመረ። ጠበቀ። ሸምበቆ ዞረ፣ ቀረበ፣ ራቀ። ግራው አልመጣም። በምትኩ ቀኙ ዝቅ ብሎ ጎኑን ነካው፤ ሁለት ነጥብ። ጉልቤ ገብቶ በቡጢ መለሰ፣ አንድ፣ አንድ። እንደገና ግራውን ጠበቀ። እንደገና ቀኙ መጣ።

እኔም ከዳር ሆኜ አልገባኝም ነበር። ማታ ነው የነገረን። ከአራት ዓመት በፊት ግራ ዳሌው ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ያ እግር ከወገብ በላይ አይወጣም። ለማናችንም አልተናገረም። ጉልቤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ የተከላከለው የሌለን ምት ነበር፤ ጓደኛው ተለውጦ ሌላ ተዋጊ ሆኗል፣ በቀኝ እግሩ እንደ አዲስ ተምሯል፣ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ብቸኝነት።

በአንድ ነጥብ ሸምበቆ አሸነፈ። ዳኛው የሸምበቆን እጅ ሲያነሳ ጉልቤ የሌላኛውን እጁን አነሳው። በሚቀጥለው ዙር የጭኑ ጅማት ስለያዘው ሸምበቆ አቋርጦ ወጣ። ጉልቤ በረዶ በፌስታል ይዞ እየሮጠ መጣ፣ እግሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እያሸ፣ "ለምን አልነገርከኝም?" አለው። ሸምበቆ "ብነግርህ ትራራልኝ ነበር" አለ። ጉልቤ ቀና አላለም፤ ማሸቱን ቀጠለ።

ዶቦክ ላይ ያለኝን ፍቅር ከሰው ደብቄ አላውቅም፤ ግን ያን ቀን ከዳር ተቀምጬ ሳየው ይህን ስፖርት ያልሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ወዳጅነት ከየት ያገኘዋል ብዬ አሰብኩ። የምትወደውን ሰው በሙሉ ልብህ ለመምታት ትሞክራለህ፤ ደግሞ እንዳይጎዳ በሙሉ ልብህ ትጠነቀቃለህ። ሁለቱም በአንድ ምት ውስጥ ናቸው።

እሁድ፣ ጥር 18፦ ቡርሳሜ

ከደረጃ መውረድ ሥራ ሆኖ ነበር። ቄሱ ቅዱስ ገብርኤል አስቀድሶ ሲመለስ እኛ ገና ፍራሽ ላይ ነን።

እማማ ያን ቀን ቡርሳሜ ሠርተው ጠበቁን። ከእንሰት የሚሠራው ዋሳ በደንብ ተፈትፍቶ፣ በቅቤና በቅመም ራሱን እስኪስት ታሽቶ፣ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፤ ከጎኑ እርጎ አለ። አዲስ አበባ ቆጮ የምናውቀው ከክትፎ ጋር፣ በቀጭኑ ተቆርጦ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው። ለስላሳ፣ ሙቅ፣ ከባድ። ሁላችንም ከአንድ ሻፌታ በላን። እማማ ለሸምበቆ ደጋግመው ያጎርሱታል፤ ምክንያቱን ስንጠይቅ ድምቢጥ ተርጉማ ነገረችን፦ "እግሩ የታመመው እሱ ነው፣ ቅቤ ያስፈልገዋል።"

ከሰዓት በባጃጅ ከተማውን ዞርን። አጭር መንገድ ለአንድ ሰው 20 ብር ነበር፤ አዲስ አበባ በዚያ ብር ታክሲ ውስጥ የምትሄደው መንገድ ይህን ያህል ነፋስ አልነበረውም። የጀበና ቡና ዛፍ ሥር 25 ብር ነበር፤ እዚያው የሲዳማ ቡና አገር ስለሆነ ነው መሰለኝ ሁለተኛውን ስኒ ሳትጠይቅ ይቀዱልሃል። የደም ግፊቱ እገዳ ማታ ስላበቃ ጉልቤ ሦስት ጠጣ።

ሰኞ፣ ጥር 19፦ መልስ፣ በቢሾፍቱ በኩል

ድምቢጥ ፈረቃዋን አስቀይራ አብራን መጣች፤ ኮልፌ ያሠለጠኑንን ማስተራችንን ለማየት። ኮሮላ ውስጥ አምስት ሰው፣ አንዱ እግሩን ማጠፍ የማይችል። ሸምበቆን ፊት አስቀመጥነው፣ ሦስቱ ኋላ ተጣበቁ። ሻሸመኔ ላይ አንድ ኩንታል ድንች የመግዛት ሐሳብ ነበረኝ፤ ቦታ ስለጠፋ ሃያ ኪሎ ብቻ ገዛን።

ማስተራችን አሁን ቢሾፍቱ ነው የሚኖሩት። ሰባ አልፏቸዋል፣ በከዘራ ይሄዳሉ። ግቢያቸው ስንገባ ወንበር ላይ ነበሩ። ተሰልፈን ጎንበስ አልን። እሳቸውም ከወንበራቸው ሳይነሱ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ባለቤታቸው እትዬ ቡና ማቁላት ጀመሩ።

የቡድን ፓተርኑን ቪዲዮ በሸምበቆ ስልክ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። እንደገና አስጀመሩት። ጉልበት የሚነሳበት ቦታ ላይ፣ ሁለት እጅ የተቃራኒን ራስ ይዞ ወደ ታች የሚስበው ላይ፣ በጣታቸው አስቆሙት።

"ጸሐፊው፣ እጅህ ቀድሟል። ጉልቤ፣ አንተ ዘግይተሃል። ቄሱ ደህና ነው። ሸምበቆ፣ ይሄ እግርህ ምን ሆኗል?"

ሸምበቆ ነገራቸው። እኛ ለሁለት ቀን ያላየነውን እሳቸው ከስልክ ላይ አዩት።

"ቶይ-ጌን መምረጣችሁ ጥሩ ነው" አሉ። ከዘራቸውን አንስተው ግቢውን ጠቆሙ። "በሉ ተነሱ፣ ድገሙት።"

ጂንስና ሸሚዝ እንደለበስን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ በሲሚንቶው ግቢ ላይ ተሰለፍን። ሸምበቆ እግሩ እየጎተተ ቆመ። እሳቸው ተቀምጠው በከዘራው መሬት እየመቱ ቆጠሩልን፣ በየመሐሉ እያስቆሙ፣ የድምቢጥን ተረከዝ፣ የኔን ክርን፣ የጉልቤን ትከሻ እያስተካከሉ። የጎረቤት ሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ነበር፣ እትዬ ስኒዎቹን በእጃቸው ይዘው ቆመው ቢጠብቁም ማስተሩ አልለቀቁንም፤ ስድስቱን እርግጫ ብቻ ለብቻው ደጋግመው አሠሩን፣ እሺ እስኪሉ ድረስ።

ድንቹን ግማሹን እዚያው ትተን ወጣን። ድምቢጥ በማግስቱ በሕዝብ ማመላለሻ ወደ ሐዋሳ ተመለሰች። ሸምበቆ የረቡዕ ማታ በረራ ነበረው። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር አዳማ እንዲሆን ጉልቤ ከወዲሁ ሰዎች እያነጋገረ ነው፤ ማረፊያው እሱ ቤት ነው፣ ቀብድ አይከፈልም። ማስተሩም ለቡድኑ ቹንግ-ሙን እንድንጀምር አዘዋል፣ ዝላዩን ለሸምበቆ በሚሆን መንገድ እሳቸው ራሳቸው ያስተካክሉታል። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ቢሾፍቱ እንገናኛለን ተባብለናል፤ ሸምበቆ በቪዲዮ ይገባል፣ እዚያ ገና ሌሊት ቢሆንም።